ጥር በጎንደር፦ ከባለቤቴ ጋር በልጆች ማሳደጊያ

ቅዳሜ

አውሮፕላኑ አዘዞ ሲያርፍ ገና ጠዋት ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ፈጀብን። ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ያለውን አላወራም፤ የሄደበት ያውቀዋል።

ባለቤቴ የጎንደር ልጅ ነው። እኔ የልደታ ልጅ ነኝ፤ ጎንደርን የማውቃት በሱ ወሬ ነው። እሱ ደግሞ ስለ ጎንደር ሲያወራ ወንዙን ባሕር፣ ሰዉን ሁሉ ጀግና ያደርገዋል። ስለዚህ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው።

ሆን ብለን ጥምቀት ካለፈ በኋላ መጣን። እንግዳው ሲወጣ የሆቴል ዋጋ ወደ ልኩ ይመለሳል። ሽርሽር ግን አይደለም። ወላጅ ያጡ፣ ወይም ወላጅ እያላቸው አሳዳጊ ያጡ ልጆች የሚኖሩበት አንድ ቤት ውስጥ በበጎ ፈቃድ ልንሠራ ነው። የቤቱን ስም አልጠቅስም። የልጆቹን ስምና ፎቶም አትጠብቁ። የቤቱ ደንብ ነው፤ ደንቡም ልክ ነው።

ጥር የሰርግ ወር አይደል? ከአዘዞ ወደ ከተማ እስክንገባ በሰርግ አጀብ ተከበብን። አበባ የተለጠፈበት መኪና፣ የማያባራ ጥሩምባ፣ በመኪና ጣሪያ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ቪዲዮ የሚቀርጽ ልጅ። መንገዱ ሲዘጋጋ የታክሲው ሹፌር ዞር ብሎ፣ "እናንተስ ለሰርግ ናችሁ?" አለን። የመጣንበትን ነገርነው።

"ታዲያ አንዱን ይዛችሁ ሂዱዋ!"

ይቺን ነገር ከዚያ በኋላ ያላለን ሰው የለም። የሆቴሉ ዘበኛ ብሎናል፣ የባለቤቴ ዘመዶች ብለውናል፣ ሊስትሮው ሳይቀር ብሎናል። ድሮ እውነትም ይቻል ነበር። በፈረንጆቹ 2010 ብቻ ከ2 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በጉዲፈቻ አሜሪካ ገብተዋል። ሜሪላንድ ሐበሻ ጸጉር ቤት ስትገቡ አንዳንዶቹን ታገኟቸዋላችሁ፤ እነሱ ሹሩባ ሲሠሩ ፈረንጅ እናታቸው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። በኛ አቆጣጠር ጥር 2010 ላይ ግን ፓርላማው የውጭ አገር ጉዲፈቻን ዘጋው። ይህን ስነግረው ሹፌሩ፣ "እሱስ ደግ አደረጉ" አለ። ሐሳቡን ለመቀየር አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

እሁድ

ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሳምን። ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህን ቤተ ክርስቲያን ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። ጣሪያው ላይ ክንፍ ያላቸው ፊቶች በረድፍ በረድፍ ተሥለዋል። ዓይናቸው ትልልቅ ነው። የትም ብትቆሙ ያዩአችኋል። ባለቤቴ ልጅ ሳለ የዋሸ ቀን እዚህ መግባት ይፈራ እንደነበር ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ባዶ ነበር። ባዶ ቀን ለኛ ብርቅ ነው። ትዳራችን ምን ይመስላል ብትሉኝ ፈረቃ ይመስላል። እኔ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። እሱ ቀን ኡበር ይነዳል። እኔ ስገባ እሱ ይወጣል። ልጃችን ቤት ሳለች በሷ በኩል እናወራ ነበር። "ለአባትሽ ወጡ ፍሪጅ ውስጥ ነው በይው።" "ለእናትሽ የመብራቱን ከፍያለሁ በያት።" ኮሌጅ ስትገባ መልእክተኛችን ሄደችብን። ቤቱ ጸጥ አለ። አልተጣላንም፤ ለመጣላትም እኮ አብሮ መዋል ያስፈልጋል።

ወደዚህ የመምጣቱ ሐሳብ የሱ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የሜክሲኮው መዝናኛ ካንኩን ነበር ያማረኝ።

ሰኞ

የቤቱ ኃላፊ አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቅ የማያበዙ ሴት ናቸው። ገና ሳንመጣ ከወንጀል ነፃ የሚል ማስረጃ አስልከውናል። ዛሬ ደግሞ አንድ ገጽ ደንብ አስፈረሙን። ልጆች ጋ ሊሠራ የሚመጣን ሰው ማንነት የማይጠይቅ ቤት ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ።

ደንቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ትንንሾቹን የሚያቅፏቸው፣ የሚያጎርሷቸውና የሚያስተኟቸው እናቶቻቸው ብቻ ናቸው። እናት የሚባሉት ቤቱ ቀጥሮ ልጆቹን የሚያሳድጉለት ሴቶች ናቸው። ለአንድ ልጅ ለብቻው ስጦታ አይሰጥም። ቃል አይገባም። የምትሄዱበት ቀን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለልጆቹ ይነገራል።

ባለቤቴ ፊቱ ጠቆረ። "ታዲያ እኛ ምን ልንሠራ ነው?"

"ውሃ ቅዱ። ልብስ እጠቡ። የተሰበረ አልጋም አለ" አሉ። "እናቶቹ ትንሽ አረፍ ያሉ ቀን ልጆቹ ተጫውተው ነው የሚውሉት።"

ደንቡ ለምን እንደወጣ ለማየት ብዙ አልቆየንም። ወደ ግቢው ስንወጣ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ሮጣ መጥታ እግሬ ላይ ተጠመጠመች። አታውቀኝም። ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። ሆዴ ባባ።

"ሰው ይህን ሲያይ ፎቶ ይነሳል፣ 'እንዴት ወደደችኝ' ብሎ ያለቅሳል" አሉ ኃላፊዋ። "እናት ያላት ልጅ እኮ እንግዳ ስታይ የናቷ ቀሚስ ሥር ነው የምትደበቀው።"

ነገሩ የጎንደር ብቻ አይደለም። በየአገሩ ሰው ለሁለት ሳምንት ይመጣል፣ ያቅፋል፣ ይሄዳል፤ ሌላው ይተካል። ልጁ በየወሩ አዲስ ሰው ይለምዳል፣ በየወሩ ይለየዋል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጎብኚው ገንዘብ ስለሚያመጣ ወላጅ ያለው ልጅ ሁሉ ወላጅ አልባ ተብሎ ይሰበሰባል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለ ሕፃናት መብት ባሳለፈው ውሳኔ ይህንኑ አንስቶታል። ባለቤቴ ይህን ማታ ስልኩ ላይ አነበበው። ሁለቴ። ከዚያ "ነገ ስንት ሰዓት ነው ውሃ የሚመጣው ያሉት?" አለኝ።

ማክሰኞ

ጎንደር ውሃ ችግር ነው። የአንገረብ ግድብ ደለል ገብቶበታል፤ ከተማዋ ደግሞ በየዓመቱ ትሰፋለች። ውሃ የሚመጣው በተራ ነው። ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፣ ጀሪካኑ ይሞላል፣ ባልዲው ይሞላል፣ ድስት ሳይቀር ይሞላል። ካመለጠ አመለጠ ነው። ዛሬ ማለዳ መጣ፤ ቤቱ በሙሉ ተነሣ።

ዋናው ሥራ የልጆቹ ብርድ ልብስ ነው። ሌሊት የሚሸኑ ልጆች ብዙ ናቸው። እናቶቹ በዚህ አይቆጡም፣ ስሙንም አያነሡም፤ ብርድ ልብሱን ገፈው ይወጣሉ። ትልቅ ሳፋ ውስጥ በእግር ይረገጣል። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን አንድ ሰው አይችለውም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ፊት ለፊት ይቆማል። ሁለቱም ወደየቀኛቸው ይጠመዝዛሉ። አንዱ ወደ ግራው ካዞረ ብርድ ልብሱ ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ውሃ አይወጣውም።

እኔና ባለቤቴ ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ አሽከረከርነው። ወጣቶቹ እናቶች በሳቅ ሞቱ። "ጋሼ፣ ወደ ቀኝዎ! እትዬ፣ እርስዎም ወደ ቀኝዎ!"

ከእናቶቹ ትልቋን ሁሉም "እታለም" ይሏቸዋል። በርጩማ ላይ ተቀምጠው የትንንሾቹን ልብስ ያጥባሉ። ባለቤቴን አየት አደረጉትና፣ "የት ነው ትውልድህ?" አሉት።

"እዚሁ አዘዞ።"

"እናትህስ?"

"ልጅ ሳለሁ ነው የሞተችው። ዘመድ ቤት ነው ያደግኩ።" ትንሽ ዝም አለ። "እኔም እሸና ነበር። ብርድ ልብሱን ጠዋት በረት ውስጥ እደብቀው ነበር።"

"ማን ያጥብልህ ነበር ታዲያ?"

"ራሴ። ወንዝ ወርጄ። ብቻዬን ስለምጨምቀው አይደርቅም። ማታ እርጥቡን እለብሰዋለሁ።"

እታለም "እህህ" ብለው ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ይህን ሰው ካገባሁት ሃያ ዓመት ሊሞላ ነው። እናቱ በልጅነቱ እንደሞተች አውቃለሁ። ብርድ ልብሱን አላውቅም ነበር። አሁንም የነገረው ለኔ አልነበረም፤ ለእታለም ነው። እኔ የሰማሁት ሌላውን ጫፍ ስለያዝኩ ነው። ምንም አላልኩም። ጠመዘዝኩ።

ረቡዕ

ዛሬ ተጣላን።

ባለቤቴ አልጋ ሲጠግን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ምስማር ያቀብለው ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ምስማሩን በመጠን በመጠኑ ለይቶ ነው የሚያቀብለው። ወሬ መሃል የግቢው ኳስ እንደፈነዳ ነገረው። ባለቤቴም "ነገ ኳስ አመጣልሃለሁ" አለው። በሁለት ቀኑ ሁለት ደንብ አፈረሰ።

ፒያሳ ያለው የሆቴላችን ግድግዳ ስስ ነው። ስለዚህ በሹክሹክታ ነው የተጨቃጨቅነው። በሹክሹክታ መጣላት ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ቃላት መምረጥ ግድ ይሆናል።

"ኳስ ናት እኮ!" አለ።

"ነገሩ ኳሱ አይደለም። አመጣልሃለሁ አልከው። ከዚያስ? አንተ ሄደህ ሌላ ሰው ሲመጣ?"

"አንድ ልጅ ኳስ ቢያገኝ ምኑ ነው የሚያናድድሽ?"

"ሌሎቹ ሲያዩትስ?"

ዘጋኝ። ባለቤቴ ሲከፋው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይዘጋል። ድሮ እንዲህ ሲያደርግ እኔም እዘጋዋለሁ፤ ሁለታችንም ሥራ እንገባለን፤ ሳምንት ይሆነናል። ዛሬ ግን መሄጃ የለም። ማታ ፈረቃ የለኝም። ደግሞም ማክሰኞ የሰማሁት አለ። ፊቱን ያዞረው ሰው በረት ውስጥ ብርድ ልብስ የሚደብቀው ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ። ንዴቴ ባይጠፋም ሹል ሹል ቃሉን ተውኩት።

"ነገ ለኃላፊዋ አንተው ትነግራቸዋለህ" አልኩት።

ቆይቶ፣ "እሺ" አለ ወደ ግድግዳው።

አሁን ሳስበው፣ ለዓመታት የተጣላነው ስለ ቢል፣ ስለ መኪና ጥገና፣ ማን ምን ረሳ ስለሚል ነገር ነው። ሁሉም ዞሮ ዞሮ እኔ ልክ ነኝ፣ አንተ ጥፋተኛ ነህ ነው። በሦስተኛ ሰው ምክንያት፣ ለዚያ ሰው የሚበጀው የቱ ነው ብለን ተጣልተን አናውቅም። ይሄኛው ጥል ያደክማል እንጂ አያቆስልም።

ሐሙስ

ለኃላፊዋ ነገራቸው። አልተቆጡም። "ኳሱን ይግዙ፤ ለግቢው ነው። ለእናቶቹ ይሰጣሉ። ለልጁ ግን እርስዎ ራስዎ ይንገሩት" አሉት።

ባለቤቴ ቁጢጥ ብሎ ለልጁ አስረዳው። ኳሱ የሁሉም ነው፣ የሚያወጡትም የሚያስገቡትም እናቶች ናቸው፣ እኔ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሄጃለሁ አለው። ልጁ በጥሞና ሰማ። ከዚያ "ፓምፕስ አለው?" አለ።

ፒያሳ ኳሱንም ፓምፑንም ገዛን። ማኪያቶ ይዘን ተቀመጥን። ባለቤቴ ኃላፊዋ ስለ ልጁ የነገሩት አልወጣለት ብሎታል። ልጁ እናት አለው። አባቱ ሞቷል። እናቱ ቅዳሜ ገበያ ጉልት ትቸረችራለች፤ ታማ ኪራይ ሲያቅታት ነው ልጇን ያመጣችው። ቤቱ ሊመልሰው እየሠራ ነው። የሚያስፈልገው የተወሰነ ወር የቤት ኪራይ፣ ለጉልቷ መነሻ ብር፣ የትምህርት ቤት ወጪና በየጊዜው ሄዶ የሚያያቸው ሰው ነው።

ባለቤቴ ሶፍት ላይ ማስላት ጀመረ። የኛን የአውሮፕላን ቲኬት በዚያች ሴት የቤት ኪራይ አካፈለው። ውጤቱን አልጽፈውም፤ ያሳፍራል።

"ታዲያ ለምን መጣን?" አለ።

"ባንመጣ ብሩን እንልከው ነበር?"

አሰበ። "አንልክም።"

"በቃ።"

እንዲህ ዓይነት ጉዞ ለልጆቹ ብቻ ነው የሚል ሰው ራሱን ይሸውዳል ባይ ነኝ። ለኛም ነው። ያን አውቆ መሄድና ሳያውቁ መሄድ ግን ይለያያል። ያወቀ ሰው ልጁን የትዳሩ መድኃኒት አያደርገውም፤ ልብሱን ያጥብና የራሱን ጣጣ ማታ ሆቴሉ ውስጥ ይጨርሳል።

ዓርብ

ማዕድ ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ እንጨት ፈለጠ። ጾም ስለሆነ የደንቢያ ሽሮ ነበር፤ ከዚህ በላይ ስለ ሽሮ የምለው የለኝም፤ መጥታችሁ ቅመሱ። እንጀራ ልጋግር ብዬ ምጣድ ላይ ተቀመጥኩ። እታለም ከአክንባሎው ሥር ያወጣሁትን አይተው "ማለፊያ ነው" አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ለዶሮዎቹ አስቀመጡት።

ከሰዓት ቡና ሲፈላ የድሮውን የጡት ልጅ ነገር አጫወቱን። ልጅ የሌለው ሰው፣ ወይም የዘመዱን ልጅ የሚያሳድግ፣ አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ልጁን ያጠባዋል። ሽማግሌ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲያ ልጁ ልጅ ነው። "ታዲያ በዚያው ነበር የሚኖረው፤ ጠብቶ መሄድ የለም" አሉ። ለኛ ይሁን ለሌላ ለማን እንዳሉት አላውቅም።

ቅዳሜ

ከትልልቆቹ ልጆችና ከሁለት እናቶች ጋር የፋሲል ግንብ ሄድን። አብዛኞቹ ልጆች ግንቡን በውጭ እያዩት አድገው ውስጡን አያውቁትም። ፋሲል ጎንደርን በ1636 እ.ኤ.አ. አካባቢ መናገሻ ካደረጉ በኋላ እነ ዮሐንስ፣ እነ ኢያሱ፣ እነ በካፋ፣ እቴጌ ምንትዋብ እየጨመሩበት ነው ግቢው እንዲህ የሞላው። የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም። ባለቤቴ በ1941 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ጣሊያንን ሲደበድቡ እንደጎዱት ነገራቸው። አንድ ልጅ፣ "ካሳ ከፈሉ?" አለ። መልስ አልነበረንም። የአንበሶቹ ቤት ባዶ መሆኑ ከግንቡ ሁሉ በላይ አሳዘናቸው።

ግቢው በሙሽሮች ተሞልቷል። ሁሉም ፎቶ ሊነሱ ነው የመጡት። አንዷ ሙሽራ ቬሎዋን ሰብስባ ደረጃ ስትወጣ ልጆቹ ከበቧት፤ እልል አሉላት። ሙሽራው ሚዜዎቹን ጠርቶ ከረሜላ አስመጣ። እናቶቹ ተቀበሉትና እኩል አካፈሉ።

አንዲት አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ "እናንተም እንዲህ ነው የተጋባችሁ?" አለች።

"እኛማ ፍርድ ቤት ፈርመን ነው። ከዚያ እሱ ሥራ ገባ።"

"ውሸት!"

"እውነት ነው" አለ ባለቤቴ። "እኔ ሥራ ገባሁ፤ እሷ አውቶብስ ይዛ ቤት ሄደች።"

ልጅቷ ሁለታችንንም በጣም አዘነችልን። ከዚያ ፎቶ አንሺውን ሄዳ አናገረችው። ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ብቻ ሙሽሮቹ ቬሎ ሲያስተካክሉ የፋሲል ግንብ ደረጃ ላይ አቁሞ አነሳን። እኔ ባዘቶ የመሰለ ጸጉር፣ እሱ በረኪና የነካው ሱሪ። ፎቶውን በቴሌግራም ላከልን። ለልጃችን ስንልክላት "ምን ሆናችኋል እናንተ?" ብላ ጻፈች።

የሚቀጥለው ሳምንት

ብዙ የሚጻፍ የለውም። ውሃ ሲመጣ አጠብን፣ ሲጠፋ ጠገንን። ባለቤቴ መስኮቶቹን ሁሉ አስተካከለ። እኔ እናቶቹ ተራ በተራ የእረፍት ቀን እንዲያገኙ በማዕድ ቤቱ ተተካሁ። ከዚህ ሁሉ ለቤቱ በእርግጥ የጠቀመው ይኼ የመጨረሻው ይመስለኛል። አንዷ እናት በእረፍት ቀኗ ቀኑን ሙሉ ተኛች። ስትመለስ ሰው ሆና መጣች።

ማታ ማታ ወደ ሆቴላችን በእግር እናዘግም ነበር። ወሬያችን ስለ ልጆቹ ይጀምርና ወደኛ ይዞራል። እኔ አባቴን ያስታመምኩበትን ጊዜ ነገርኩት። አብሮኝ ነበር እኮ፤ ግን ምን እንደተሰማኝ አያውቅም። ይጠይቀኝ ጀመር። ጥያቄ ሲጠይቅ ጥሩ ነው፤ አሥር ዓመት የት ደብቆት እንደነበር እንጃ።

ስንብት

ድግስ አልነበረም፤ እንዳይኖር ተነግሮናል። ልጆቹ ቀናችንን ስለሚያውቁ አልተደናገጡም። ምስማር አቀባዩ ልጅ ኳስ ላይ ነበር፤ እጁን አውለበለበና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ባለቤቴ ትንሽ ቅር አለው፤ ኃላፊዋ ግን፣ "እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚለኝ" አሉት።

እታለም እጃችንን ይዘው መረቁን። "ልጆች አሳድጋችሁ ለወግ ለማዕረግ አድርሱ፤ አንቺም እሱን፣ አንተም እሷን ጠብቁ" አሉ።

አዘዞ አውሮፕላኑ ዘገየ። ባለቤቴ ከኪሱ ያንኑ ሶፍት አወጣ። በየወሩ የምንልከውን ለመወሰን ነው። እኔ ለልጁ እናት ይሁን አልኩ። እሱ ለቤቱ ይላክና እነሱ ያውቃሉ አለ። ያሸነፈው እሱ ነው፤ ልክም ነው።

"ሌላም አለ" አልኩት። "እሁድ ሁለታችንም አንሠራም።"

"እሁድ እኮ ነው ኡበር ገንዘቡ ያለው።"

"ታዲያ ማክሰኞ ይሁን።"

"ማክሰኞ አንቺ ድርብ ፈረቃ አለሽ።"

"እተወዋለሁ።"

"የመኪናው ኢንሹራንስስ?"

ሶፍቱ ሞላ። የመሳፈሪያ ካርዳችንን ገልብጠን ጀርባው ላይ ቀጠልን። ጥሪው ሲሰማ ገና ቁጥሩ ላይ አልተስማማንም ነበር። ማክሰኞ ላይ ግን ተስማምተናል።